ያልተቋጠረችው ዜማ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለው ቤቴ ጓሮ ሁለት ክፍል አለኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር ናትናኤል ለሚባል ልጅ አከራይቼዋለሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰላምታ አይነፍግም፣ የግቢውን ማንጎ ሳያስፈቅድ አይቀጥፍም። አንድ ዐመል ብቻ አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን የራስ ቅል የተሳለበት ጥቁር ካናቴራውን ያጠልቅና ሄቪ ሜታል የሚሉትን ሙዚቃ ይለቀዋል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ወፍጮ የተተከለ መስሎኝ ቀበሌ ልከስ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ ለመድኩት፤ ሰው የማይለምደው የለም። ባለፈው ቅዳሜ ግን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከግድግዳው ማዶ ከበሮው ሁሉ ቆመና አንድ ጊታር ብቻውን ቀረ፤ ረዥም፣ ሻካራ፣ ከተቀደደ ጉሮሮ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ። ሳላውቀው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ፊቴም ቁልቁል፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ዞሯል።

ናትናኤል በመስኮት አይቶኝ ኖሮ ደንግጦ ወጣ። «ጋሼ፣ ልቀንሰው?» አለኝ። አትቀንሰው፣ ይልቅ ይሄ ምንድን ነው አልኩት። ያኔ ወንበር ስቦ ሲያስረዳኝ አመሸ። የሙዚቃ ባንዱ ይህችን ዘፈን መድረክ ላይ የተጫወታት ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም በእርግጥ ተጫውቷት እንደሆነ አይታወቅም። እንደሱ ያሉ፣ በየአገሩ የተበተኑ፣ በዓይን ተያይተው የማያውቁ ወዳጆች ባንዱ በየትኛው ከተማ የትኛውን ዘፈን እንደዘፈነ እየለቀሙ ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋቸዋል። አንዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ይላል፣ ሌላው ዋሽተሃል ይለዋል። «ሥራ ፈት ይሉኝ ይሆናል» አለና አንገቱን ደፋ። ሳቄ መጣ። ልጄ፣ ይሄንን ሥራ እኛ ሲቀላ ላይ ስንሠራው እናትህ ገና አልተዳረችም አልኩት። ቀልድ መስሎት አብሮኝ ሳቀ።

ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የነበረበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመቱን የማስታውሰው በሙዝ ዋጋና በሱሪ ስፋት ነው። አንድ እጅ ሙዝ በአሥር ሳንቲም፣ ከጫሞ የወጣ ዓሳ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር በስሙኒ፣ ሱሪው ደግሞ ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ መንገድ የሚጠርግ። አርባ ምንጭ ያኔም በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ነበረች፤ ላይ ሴቻ፣ ታች ሲቀላ፣ መሃል ላይ ግራርና ዝንጀሮ። ሴቻ ፋይል ይዞ ይወርዳል፣ ሲቀላ ዓሳ ይዞ ይወጣል እየተባባልን እንቀላለድ ነበር። በእግራችን ቁልቁል ስንወርድ በግራ ዓባያ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማይ መስሎ፣ መካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታየናል። ዛሬ ባጃጁ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እኔም ራሴ አላይም፤ ስልኬን ነው የማየው።

የኛ ባንድ ኪነቶች ነበሩ። ትግልም ድልም ያለበት ረዥም ስም ነበራቸው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው መድረክ መሪው ብቻ ነው። ካኪ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ ቀበሌ አዳራሽም ገበሬ ማኅበር ሜዳም ጥጥ እርሻም የተላኩበት ሁሉ ይዘፍናሉ። የግጥሙን ነገር ተዉት፤ ምርት ስለማሳደግ ነው። ዜማው ግን የአገር ነው፤ ከደጋውም ከቆላውም ለቅመው ያመጡት። እኛም እንደ ሙዝ ግጥሙን ልጠን እየጣልን ዜማውን ነበር የምንበላው። ከሁሉም ከሁሉም ጊታር መቺው ማቴዎስ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የደጋ ልጅ። ጊታር የተማረው ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗ ስትታሸግ ኪነት ገባ። ድምፅ ማጉያውን ጨንቻ ላይ ዝናብ መትቶት ሆዱ ተቀዷል፤ በሙጫና በጨርቅ ለጥፈውታል። ስለዚህ የማቴዎስ ጊታር አይዘፍንም፣ ያገሳል። ናትናኤል ያንን ድምፅ ዛሬ ሆን ብለው በመሣሪያ እንደሚያወጡት ሲነግረኝ ገረመኝ። ለማቴዎስ የጨንቻ ዝናብ ነው በነጻ የሰጠው።

ዘፈን መቁጠር ያስጀመረን ታላቅ ወንድሜ አበራ ነው። አባታችን ከሰሜን ለመንገድ ሥራ መጥቶ፣ ሴቻ ቤት ሠርቶ፣ እኛን ወልዶ፣ እዚሁ ዐረፈ፤ አበራ የቤቱ አባወራ ሆኖ ቀረ። አባወራው ግን ከሱሪው ስፋትና ከጫማው ታኮ ሌላ የሚያሳስበው ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ዳገቱን ሲወጣ እያፏጨ ነው። እናቴ ፉጨቱን ከሩቅ ስትሰማ ሽንኩርቷን ድስት ውስጥ ትጨምራለች፤ ወጡም እሱም እኩል ይደርሳሉ። የአበራ ጓደኞች ሁለት ነበሩ። አንዷ ወርቅነሽ፣ ሲቀላ ሻይ ቤት የምትሠራ፣ ጆሮዋ የተባረከ፤ አንዴ የሰማችውን ዜማ ስኳር እያማሰለች ትደግመዋለች። ሌላው ሻንቆ፣ ከደጋው፣ ከኦቾሎ የወረደ ሸማኔ። ሲቀላ ላይ እግር ማስገቢያ ጉድጓዱን ቆፍሮ መሸመኛውን ተክሏል። ቆጠራው በሱ እጅ ነበር። ከነጠላ ጥለት የተረፉ ባለ ቀለም ክሮች ከመሸመኛው በላይ አግዳሚው ላይ ያንጠለጥላል፤ ለአንድ ዘፈን አንድ ቀለም። ኪነቶቹ በተጫወቱት ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥርበታል። ቀዩ ክር፣ ስብሰባ መክፈቻው ዘፈን፣ ከቋጠሮ ብዛት የተነሣ አጥሮ ቀርቶ ነበር። ቢጫው ግን ለስላሳ ነው። ቢጫው አበራ የሚወዳት የገበያ ዘፈን ናት፤ ኪነቶቹ ከስንት አንዴ ነው የሚጫወቷት። አበራ እሷን ፍለጋ ዝግጅት ባለበት ሁሉ፣ በእግርም በጭነት መኪናም፣ ይሄዳል። እኔም ተከትዬው።

ከዚያ አበራ ለውትድርና ተመረጠ። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሲቀላ አደባባይ ቆሞ፣ እናቶች ዙሪያውን ከበው ሲያለቅሱ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ጎንበስ አለና ጆሮዬን ያዘኝ። «ስመለስ የቀረብኝ ነገር እንዳይኖር። የዘፈኑትን ሁሉ ቁጠሩልኝ፤ ቢጫዋን በተለይ» አለኝ። ሌላ የተናገረው የለም። እኛም ቆጠርን። ሰው ወንድሙን በጸሎት ይጠብቃል፤ እኔ በቋጠሮ ነው የጠበቅኩት። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ቆመ። እናቴ ሰፊውን ሱሪውን በየሳምንቱ ታጥበዋለች፣ ትተኩሰዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ፋሽኑ ሊያልፍ ነው ብላት፣ እሱ ሲመጣ ፋሽኑ ይመለሳል አለችኝ።

ኪነቶቹን በየጊዜው ወደ ሰሜን ይወስዷቸው ነበር፤ ወታደር ለማዝናናት፣ ሆስፒታል የተኙትን ለመጠየቅ። ሲመለሱ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳይሆን አስተካክላ ለብሳ ትወርድና አበራን አይታችሁት ይሆን ትላለች። አገሩ ሰፊ ነው እማማ ይሏታል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለን ነው የምዕራብ ዓባያው ነገር የመጣው።

ምዕራብ ዓባያ ላይ ዝግጅት ነበር። ሻንቆና ወርቅነሽ ቀድመው ሄደዋል። እኔ ከምሠራበት የጥጥ እርሻ በጭነት መኪና ስከተል ጎማ ተነፈሰብን፤ ስደርስ ሕዝቡ እየተበተነ ነው። ወርቅነሽ እጄን ይዛ ምን እንዳመለጠህ ብታውቅ አለችኝ። በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል ማቴዎስ ብቻውን ቆሞ፣ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ግጥም የሌለው አንድ ነገር ተጫወተ። እንደዚያ ያለ ዜማ ሰምታ አታውቅም። ሻይ ቤት እስክንመለስ ልትደግመው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ እሷ ዜማ ሲያቅታት የመጀመሪያዬ ነው ያየሁት። በማግስቱ ሻንቆ ዘንድ ሄጄ በየትኛው ቀለም ቋጠርካት አልኩት። መወርወሪያውን ሳያቆም ምንም አልተጫወተም፣ ገመድ ሲቃኝ ነበር አለኝ። ወርቅነሽ እኮ ሰምታለች አልኩት። መወርወሪያውን መልሶ ወረወረው። እንግዲህ አንድ ዝግጅት፣ ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቃል። ተቆጣሁ። ለአበራ ምን ልንለው ነው፣ ቆጠራውን እያበላሸህ ነው አልኩት። ሻንቆ ያን ጊዜ እግሩን ከጉድጓዱ አውጥቶ አየኝ። «ወንድሜ» አለኝ በዚያ በኦቾሎ አማርኛው፣ «እሷ አይቆጠርም።»

እልኸኛ ነኝ፤ አይቆጠርም ያሉኝን ነገር ነው የምቆጥረው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ያቺን ዜማ ማደን ሆነ። ሾፌር አላለፈኝ፣ አስተማሪ አላለፈኝ፤ ሁሉንም፣ ኪነቶቹ እናንተ ጋ ሲመጡ ጊታሩ ብቻውን የተጫወተው ነገር ነበር ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። ጨንቻ አንዴ ተሰምታለች። ጫሞ ዳር፣ ዓሳ አስጋሪዎቹ ማኅበር ዘንድ፣ አንዴ። ደጋ ላይ አንድ ገበሬ ማኅበር፣ ምናልባት። ከተማ ውስጥ ግን በጭራሽ። ምክንያቱንም አወጣሁለት፤ በጄነሬተር ሲሆን ነው የሚጫወታት፣ የከተማው መብራት ለማጉያው ይከብደዋል አልኩ። ወርቅነሽ ደግሞ ፍቅር ይዞታል፣ ጀርባውን የሚያዞረው ልጅቷ እንዳታየው ነው አለች። ሻይ ቤቱ ሁሉ ሁለት ጎራ ሆኖ ይከራከራል። የደጋ ሰዎች ግን ወሬው ሲነሣ ሻያቸውን ጨልጠው ይወጣሉ። ይሄንን አይቼ ነበር፤ ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁትም እንጂ።

በመጨረሻ ራሱን ማቴዎስን አገኘሁት። ጫሞ ዳር፣ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት፣ ዓሳ ሊገዛ መጥቷል። የካኪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ቆሟል። አንድ ሳህን ዓሳ አዘዝኩና አብረን በላን፤ ዳጣው አስለቀሰን፣ ሳቅን። ከዚያ ነገሬን አወጣሁ። ያቺን ዜማ ለኛ ለከተሜዎቹ የምታሰማን መቼ ነው፣ ወንድሜ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ሁሉንም ሰምቼ ልቆየው ቃል አለብኝ አልኩት። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የዓሳውን እሾህ ከሳህኑ ዳር አሰለፈ። «አንተ እንዳትሰማት ነው የምጸልየው» አለኝ። ኩራት መሰለኝ። የመድረክ ሰው እንዲህ ነው፣ ሲለምኑት ይኮፈሳል ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ኪነቶቹ እንደገና ወደ ሰሜን ሄደው በተመለሱ በሰሞኑ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሲቀላ አዳራሽ ዝግጅት ሆነ። አዳራሹ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ የሞባይል መሸጫ ተደርድሯል። እኔ፣ ሻንቆና ወርቅነሽ መሃል ላይ ተቀምጠናል፤ ጭኔ ላይ የተቆላ ኦቾሎኒ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ቀዩ ዘፈን አለፈ። ሌላም አለፈ። ማቴዎስ ገመድ ሊቃኝ ጎንበስ አለ፤ ከፊት የተቀመጡት ኃላፊዎች ወደ ጎረቤታቸው ዞረው ወሬ ጀመሩ። ያኔ ቀና አለና ጀርባውን ሰጠን። በጎን ባለው መስኮት ትይዩ ቆመና መታው። የተቀደደው ማጉያ ረዥም ድምፅ አወጣ፤ አዳራሹን ሞልቶ፣ በመስኮቱ ወጥቶ፣ ዳገቱን የያዘ መሰለኝ። የሚያሳዝን ነገር ስጠብቅ ነበር። አላሳዘነኝም። ደስ አለኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በልቤ አበራ፣ አገኘኋት አልኩ። ኦቾሎኒው ሲበተን አላየሁም፤ ላጨበጭብ ሁለት እጄን አነሣሁ።

ሻንቆ እጆቼን ከአየር ላይ ያዛቸው። ወደ ታች አወረዳቸውና ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጋቢው ሸፈናቸው። በአዳራሹ ውስጥ ያሉ የደጋ ሰዎች አንድ በአንድ ቆባቸውን ሲያወልቁ አየሁ።

«ወንድሜ፣ እጅህን አውርድ» አለኝ። «ወዴት እንደዞረ አታይም?»

አየሁ። ከማቴዎስ ፊት መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ማዶ ዳገቱ፣ ከዳገቱ በላይ የሴቻ ቆርቆሮዎች በፀሐይ ሲያበሩ። የኛም ቆርቆሮ አለበት።

ቀሪውን ሻንቆ ዳገቱን ስንወጣ ነው የነገረኝ፤ ክንዴን ይዞ፣ ቀስ እያለ። በነሱ አገር ሰው ሲሞት መለከት ይነፋል፤ ነፊው ፊቱን ወደ ሟቹ ቤት አዙሮ። ሞት በአንድ ሰው አፍ፣ በመንገድ ላይ፣ አይነገርም። በዚያ ዘመን ደግሞ ከላይ ሳይነገር ልጄ ሞተ ብሎ ማልቀስ የሚያስጠይቅ ነበር፤ ከላይም አይነገርም። ማቴዎስ በየሆስፒታሉ ከአልጋ አልጋ ሲዞር ያገሩን ልጆች ያገኛል፣ የሞቱትን ያውቃል። ያንን ይዞ ሲመለስ ለሽማግሌዎቹ ይነግራል፤ በመለከቱ ፈንታም ጊታሩን ያስጮኻል። ሰሚ ይሰማል፣ ያልሰማ ገመድ ሲቃኝ ነው ይላል። ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። እኛ የዚያ አገር ሰዎች አልነበርንም። መለከቱም ደንቡም የነሱ ነበር። ለኛ ቤት ማስጮኹ ግን ከራሳቸው ቆጥረውን ነው።

መርዶ በማታ አይነገርም። ስለዚህ ሻንቆ ከበራችን ተመለሰና እኔ ብቻዬን ገባሁ። እናቴ እራት አቀረበች። እጄን ታጠብኩ፣ በላሁ፤ እንዴት እንደበላሁ አላውቅም። የአበራን ዘፈን ተጫወቱ ወይ አለችኝ። ተጫወቱ እማዬ አልኳት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ማቴዎስ ገመድ ሲቃኝ ነው የዋለው።»

ሲነጋ መጡ። የሲቀላ ሸማኔ ሽማግሌዎች፣ ቡልኳቸውን ደርበው፣ ከኋላቸው ሻንቆና ወርቅነሽ፣ ማቴዎስም ያለ ጊታሩ። እናቴ በሩን ከፍታ ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። አልጮኸችም። ማን አየው ብቻ አለች። ማቴዎስ ወደ ፊት ወጣና እኔ አለ። አልጋው አጠገብ ነበርኩ አለ። ምን አለ አለችው። ማቴዎስ መሬት መሬት እያየ፣ ያቺን የገበያ ዘፈን ተጫወትልኝ አለኝ፣ ተጫወትኩለት፣ በከንፈሩ ሊያፏጭ ሞከረ አለ። ከዚያ በኋላ ነው እናቴ የጮኸችው፤ ሽማግሌዎቹም ቡልኳቸውን አንጥፈው አብረዋት ያለቀሱት። ሱሪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሻንቆ ክሮቹን በሙሉ ከአግዳሚው ፈትቶ አመጣልኝ። ቢጫው ላይ አዲስ ቋጠሮ ጨምሮበታል፤ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ጠበቅ ያለ። ይቺ የሆስፒታሏ ናት፣ ተጫውተዋታል አለኝ። የዚያችን የሌላይቱን ክር ፈለግሁ። አልነበረችም። አልጠየቅሁትም።

ናትናኤል ይሄንን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ መሽቶ ነበር። ክሮቹን ላሳየው ወደ ሳሎን አስገባሁት፤ ከአባቴ ፎቶ ጎን ተሰቅለዋል፣ ቀለማቸው ለቋል። እጁን ሊሰድ ፈራና በዓይኑ ቆጠራቸው። ስልኩን አውጥቶ፣ ጋሼ ከፈቀዱልኝ ልመዝግበው፣ የትም አገር እንዲህ ያለ መዝገብ የለም አለኝ። ፈቀድኩለት። ቀዩን ጻፈ፣ አረንጓዴውን ጻፈ። ቢጫው ላይ ሲደርስ የመጨረሻዋን ቋጠሮ ቦታ ጠየቀኝ፤ ሆስፒታል፣ ሰሚ አንድ ሰው በል አልኩት። ጻፈ። ከዚያ ጣቱን ስልኩ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያቺኛዋስ፣ ጋሼ? ስንት ጊዜ ልበል?»

ከግድግዳው ማዶ ዘፈኑ ከተለወጠ ቆይቷል፤ ሌላ ጊታር እያገሳ ነው። የሻንቆ እጆች እጆቼ ላይ እንዳሉ ሆነው ተሰሙኝ።

«እሷ አይቆጠርም» አልኩት።